ገመዱን የምትስበዋ ሴት

በዚህ ዝናብ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ አንድ የውስጥ ልብስ ለመስማት መምጣታችሁ ከልብ አስደስቶኛል። የንግግሬን ርእስ ስነግራት ታላቅ እኅቴ «ሰው ፊት ቆመሽ እሱን ልታወሪ ነው?» ብላ አፏን ያዘች። እኔም እንደ እሷ አፍሬ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር፤ ግን አላፈርኩም፤ ስለዚህ ልቀጥል።

ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የተረጐመውን የማርጋሬት ሚቸልን ልብ ወለድ አንብባችኋል። በደርግ እስር ቤት ውስጥ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ ተጽፎ፣ ብጭቅጫቂው በድብቅ እየወጣ ለመጽሐፍነት የበቃ ትርጉም ነው። መጽሐፉን ያላነበበም በ1939 የወጣውን ፊልም ሳያይ አልቀረም። እስቲ አንዷን ትዕይንት አስታውሱልኝ። ባለታሪኳ ስካርሌት የአልጋውን ቋሚ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ትንፋሿን ውጣ ቆማለች። ሞግዚቷ ማሚ ከኋላዋ ሆና የኮርሴቷን ማሰሪያ ትስባለች። ያው ማሚ ደግሞ «ግብዣው ላይ እንደ ረኃብተኛ እንዳትበዪ እዚሁ ጎረስ አድርጊና ሂጂ» እያለች ታስጨንቃታለች፤ ወይዘሮ ሰው ፊት ስትበላ እንደ ወፍ ነው የምትለቅመው። የስካርሌት ወገብ፣ ደራሲዋ እንደምትነግረን፣ 17 ኢንች ነው፤ 43 ሳንቲሜትር ገደማ።

ያችን ትዕይንት ያየ ሁሉ ዓይኑ የሚያርፈው በታሰረችው ላይ ነው። እኔ ዛሬ ማታ የምለምናችሁ ገመዱን ወደምትስበዋ እንድትመለከቱ ነው። በባርነት የተያዘች ሴት ናት። ወይዘሮ ምን ያህል መብላት፣ ምን ያህል መተንፈስ እንዳለባት ከእመቤቷ ይልቅ አጥብቃ የምታውቀው እሷ ናት። እሷ ራሷስ ከቀሚሷ ሥር ምን ለብሳ ይሆን? ትዕይንቱ አይነግረንም፤ እኛም ጠይቀን አናውቅም።

ዓላማዬ ይህን ጥያቄ ሰፋ አድርጎ ማንሳት ነው። ኮርሴት የሥራ ፈት ሀብታም ሴት ልብስ ነው የሚል እምነት አለ፤ እኔም ለረጅም ጊዜ አምኜው ኖሬያለሁ። በመጀመሪያ ዕቃው ምን እንደሆነ በአጭሩ እነግራችኋለሁ። ቀጥሎ ድኻ ሴቶች ለብሰውት እንደሆነ እናያለን፤ እዚህ ላይ ትንሽ ቆየት እላለሁ። በመጨረሻ ማን ሠራው፣ ማን አሰረው ወደሚለው እንሄዳለን። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

እንግዲህ ወደ ዕቃው። ከደረት እስከ ወገብ፣ አንዳንዴም እስከ ዳሌ፣ አካልን አጥብቆ የሚይዝ፣ ጠንካራ ነገር በመካከሉ የተሰፋበት፣ በክር የሚታሰር ልብስ ነው። ስሙ በየዘመኑ ተለዋውጧል። በ16ኛው መቶ ዘመን እንግሊዞች «ጥንድ አካል» እንደ ማለት ያለ ስም ሰጥተውት ነበር፤ ግራና ቀኙ ሁለት ቁራጭ ሆኖ የሚገጠም ስለነበረ ነው። በ18ኛው መቶ ዘመን «ስቴይስ» አሉት፤ ደጋፊ፣ ማቆሚያ እንደ ማለት ነው። ኮርሴት የሚለው ስም በስፋት የተለመደው ከዚያ በኋላ ነው። ንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ በ1603 ስትሞት ለቀብሯ ሥርዓት የእንጨት ምስሏ ተሠርቶ ነበር፤ ያ ምስል ለብሶት የነበረው ጥንድ አካል ዛሬም ለንደን ውስጥ በዌስትሚንስተር አቢ ይገኛል።

ጠንካራ የሚያደርገው ብዙ ጊዜ «የዓሣ ነባሪ አጥንት» የሚባለው ነገር ነው። ስሙ ያሳስታል፤ አጥንት አይደለም። አንዳንድ ዓሣ ነባሪዎች ከላይኛው መንጋጋቸው ተንጠልጥሎ ምግባቸውን ከባሕር ውሃ የሚያጠሉበት ማጥለያ ነው፤ ከጥፍራችንና ከከብት ቀንድ ጋር አንድ ዘር ነው። ሲሞቅ ይለመጣል፣ ሲቀዘቅዝ የያዘውን ቅርጽ አይለቅም። ገላ ላይ ሲውል ደግሞ በሙቀቱ ቀስ በቀስ የለባሿን ቅርጽ ይይዛል። አንዳንድ ቤተ መዘክር ውስጥ ከብረት የተሠራ ኮርሴት ይታያል፤ አስጐብኚዎችም ጐብኚን ለማስደንገጥ ይወዱታል። የ16ኛው መቶ ዘመን ፈረንሳዊ ሐኪም አምብሩዋዝ ፓሬ እንዲህ ያለውን የጻፈው ለጐበጠ ጀርባ ሕክምና ብሎ ነው። የየዕለት ልብስ አልነበረም።

ስለ 17 ኢንቹም አንድ ነገር ልበል። በፋብሪካ ዘመን የኮርሴት ልክ የሚነገረው ጀርባው ገጥሞ ሲለካ ነው፤ ሲለበስ ግን ብዙ ጊዜ ጀርባው ላይ ክፍተት ይተዋል። ሃያ ኢንች የገዛች ሴት ሁሉ ሃያ ኢንች ወገብ አልነበራትም። እንዲህ ያለ ቁጥር ስትሰሙ የጫማ ቁጥሯን ቀንሳ የምትናገር ዘመዳችሁን አስቡ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በ1899 ቶርስታይን ቬብለን የሚባል አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ሊቅ «የሥራ ፈቱ መደብ ንድፈ ሐሳብ» የሚል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ዛሬም ይነበባል፤ ምላሱም ስለት ነው። የቬብለን ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ ሀብታም ሰው ሀብቱን የሚያሳየው በማባከን ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ብክነት ደግሞ የሰው ጉልበት ነው። ሚስቱ መሥራት የማትችል መሆኗ ሲታይ «ይህን ያህል አለኝ» ማለቱ ነው። ኮርሴት እንግዲህ በቬብለን ዓይን አካልን የማጉደል ያህል ነው፤ የሴቲቱን ብርታት ዝቅ አድርጎ፣ ለሥራ እንደማትሆን በግልጽ የሚያሳይ። ድኻ ሴቶችስ? ቬብለን ይህን ጥያቄ አልዘለለውም። ድኾቹ፣ በተለይ የገጠሮቹ፣ ለበዓል ካልሆነ አዘውትረው አይለብሱትም አለ፤ ምክንያቱም ሥራ አለባቸው።

ይህን ሳነብ የከነከነኝ አማርኛዬ ነው። እኛ «ወገቧን ታጥቃ ተነሣች» ስንል ሴትዮዋ ሥራ ልትፈታ ነው ማለታችን አይደለም። እህል ልታበራይ፣ እንጨት ልትለቅም፣ ድግስ ልትደግስ ነው። መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ ያሰረች ሴት ስታዩ ከመንገዷ ዞር ትላላችሁ። መቀነትና ኮርሴት አንድ ዕቃ አይደሉም፤ አንዱን ለሌላው ማስረጃ አላደርገውም። ግን ቋንቋዬ በጆሮዬ ሹክ ያለኝ ጥያቄ አለቀቀኝም፦ የታሰረ ወገብ ሁሉ ሥራ የፈታ ወገብ ነው ያለው ማን ነው?

መልሱን የአውሮፓ ድኾች ታሪክ ይሰጠናል። በ18ኛው መቶ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ ድኾችን የመርዳት ግዴታ የየአጥቢያው ነበር። አጥቢያዎቹ ለችግረኛ ሴቶችና ለሥራ ለሚላኩ ልጃገረዶች የገዙትን በመዝገብ ጽፈው ትተዋል፤ ጫማ፣ ሸሚዝ፣ ቀሚስ፣ ከነዚያም መካከል ስቴይስ። ለድኻ የሚወጣ ገንዘብ በሳንቲም የሚቈጠርበት፣ ግብር ከፋዩም የሚያጉረመርምበት ጊዜ መሆኑን አትርሱ። ለቅንጦት የሚወጣ ሳንቲም አልነበረም። በ1834 ከወጣው አዲስ የድኾች ሕግ በኋላም መጠለያና ሥራ በአንድ ላይ የሚሰጡት፣ እንደ ወህኒ የሚፈሩት የድኻ ቤቶች ለሴቶች በሚያድሉት ልብስ ውስጥ ስቴይስ ነበረበት። የመጨረሻው የድኽነት ደጃፍ ላይ የደረሰች ሴት እንኳ ያለ እሱ እንድትታይ አልተፈለገም።

ያ ስቴይስ ግን ሐር አልነበረም። የድኻ ሴት ስቴይስ ብዙ ጊዜ ከወፍራም ቆዳ የተቈረጠ ነበር። በውስጡ የሚሰፋ የዓሣ ነባሪ አጥንት የለም፤ ቆዳው ራሱ ጠንካራ ነው፤ እንዲታጠፍ ብቻ ላዩ በመስመር በመስመር ይጫራል። ፍራንሲስ ፕሌስ የሚባል የለንደን ልብስ ሰፊ ነበር፤ ኋላ የሠራተኞች መብት ተሟጋች ሆኗል። በልጅነቱና በወጣትነቱ ያየውን ጽፎ ሲተው የሠራተኛ ሚስቶችና ሴት ልጆች የቆዳ ወይም አጥንት የተሰፋበት ስቴይስ ዓመት ከዓመት በየቀኑ እንደሚለብሱ፣ አንድም ቀን እንደማይታጠብ፣ እድፉም እንዴት ያለ እንደነበረ ያነሳል። አፍንጫ የሚያስይዝ ወሬ ነው። ለእኔ ግን ከማንኛውም የቤተ መንግሥት ሥዕል የበለጠ ይነግረኛል። ልብሱ ለበዓል የሚወጣ ቢሆን እንደዚያ ባላደፈ ነበር።

ለምን ለበሱት? አንዱ ምክንያት ሥራው ራሱ ነው። ውሃ በባልዲ የምትሸከም፣ ቀኑን ሙሉ አጐንብሳ የምታጥብ ሴት ጀርባዋን ቀጥ አድርጎ የሚይዝላት፣ ጡቷን የሚደግፍላት፣ ደራርባ የለበሰችውን የከባድ ጉርድ ክብደት ወገቧ ላይ እንዳይቈርጣት የሚያከፋፍልላት ነገር ያስፈልጋታል። በልኩ ከታሰረ ያደርገዋል፤ ስሙም ደጋፊ ነው ብያችኋለሁ። ሁለተኛው ምክንያት ግን ከጀርባ ሕመም ይከብዳል። በዚያ አገር ያለ ስቴይስ የወጣች ሴት እንዳልለበሰች ትቈጠር ነበር። በእንግሊዝኛ ሥነ ምግባሩ ጥብቅ የሆነ ሰው እስከ ዛሬ «አጥብቆ የታሰረ» ይባላል፤ ያልታሰረችዋ ደግሞ ልቅ ናት። እኛም «ልቅ» እንላለን። ቃሉ ከእነሱ አልመጣልንም፤ የገረመኝም ስላልመጣ ነው።

እንግዲህ ድኻዋም ሀብታሟም ለብሰውት ከነበረ፣ መደብ የት ሄደ? የትም አልሄደም። ልዩነቱን መልበስና አለመልበስ ላይ ስንፈልገው ነው ያጣነው፤ ሌላ ቦታ ተቀምጧል።

አንደኛ ማን ሰፋው የሚለው ነው። የሀብታሟ በገላዋ ልክ ተቈርጦ የሚሰፋ ነው፤ ስፌቱም የወንድ ሙያ ነበር። በ1675 ሉዊ 14ኛ የፓሪስ ሴት ሰፊዎች የራሳቸው ማኅበር እንዲኖራቸው ሲፈቅድ፣ የሴት ቀሚስ መስፋት ተፈቀደላቸው፤ አጥንት ያለበትን የደረት ልብስ ግን ወንዶቹ ሰፊዎች ለራሳቸው አስቀሩት። ገንዘቡ ያለው እዚያ ነበር። ጥንድ ንብርብር ጨርቅና ያንን ግትር ነገር እየወጉ መስፋት የጣት ጉልበት ይጠይቃልም ይላሉ፤ ይህን ሰበብ አላምነውም፤ በኋላ ፋብሪካዎቹ ሲከፈቱ ጣቱ የማን እንደሆነ እናያለንና። ከእነዚህ ወንድ ሰፊዎች አንዱን ታውቁታላችሁ። ቶማስ ፔይን፣ በ1776 አሜሪካውያንን ለነጻነት ያነሣሣውን «ኮመን ሴንስ» የጻፈው፣ ቴትፎርድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከአባቱ የተማረው ሙያ ስቴይስ ስፌት ነው። ጠላቶቹ ይህን አልረሱለትም። በ1793 ካርቱን ሠሪው ጄምስ ጊልሬይ እንግሊዝን በምትወክለው ብሪታኒያ ዳሌ ላይ እግሩን አስደግፎ ማሰሪያዋን ሲስብ ሣለው። የሰው ልጅ መብት ብሎ የጮኸው ሰው በካርቱኑ ውስጥ የሴት ወገብ አጥባቂ ሆነ! ፔይን ግን ከወገብ ማጥበቅ ብዙም አላተረፈም።

ሁለተኛው፣ ወደ ማሚ የሚመልሰን፣ የሚታሰርበት ቦታ ነው። የሀብታሟ ኮርሴት ማሰሪያ ከኋላ ነው። እጇ የሚተጣጠፍ ሴት ራሷ ልትስበው ትችላለች፤ አሳምሮ ለማሰር ግን ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሌላ ሰው በቤተ መንግሥት ደንገጡር ነው፣ በመለስተኛ ቤት ገረድ፣ በሚቸል ልብ ወለድ ባሪያ። ከኋላ የታሰረ ልብስ «ጠዋት ጠዋት ጀርባዬ ላይ የሚቆም ሰው አለኝ» የሚል ነው። ቬብለን ብክነቱን በታሰረችው ሳንባ ውስጥ ፈለገው፤ እኔ ከኋላዋ በቆመችው ሴት ጠዋት ውስጥ ነው ያገኘሁት። ገረድ የሌላት ሴት ብዙ ጊዜ ከፊት የሚታሰር ትመርጥ ነበር።

ይህን የቀየረው አዋጅ አይደለም፤ መቈለፊያ ነው። በ1828 ፓሪስ ውስጥ የብረት ቀለበት የተመታበት የማሰሪያ ቀዳዳ ወጣ፤ ክሩ ቢጐተት ጨርቁን አይቀድም። በ1829 ደግሞ ዣን ዡልየን ዦስለን የሚባል ፈረንሳዊ ከፊት ለሁለት ተከፍሎ የሚቈለፍ የብረት ሰሌዳ አስመዘገበ። በመቶ ዘመኑ አጋማሽ ይህ በስፋት ገበያ ሲገባ ሴቶች ማሰሪያውን ከኋላ ላላ አድርገው፣ ከፊት ቈልፈው፣ ክሩን በራሳቸው እጅ ወደ ፊት ስበው ማጥበቅ ቻሉ። ከኋላ የሚቆም ሰው አያስፈልግም። የስፌት መኪና ሲጨመርበት ዋጋውም ወረደ። ማሚ ገመዱን በምትስብበት በ1861 ጸደይ ብዙ ኮርሴት ማንም ሳይስበው ይለበስ ነበር። ስካርሌትም ብትፈልግ ኖሮ ብቻዋን ልትለብሰው ትችል ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ፋብሪካው መጣ። በእንግሊዝ ሌስተርሸር፣ ማርኬት ሃርቦሮ በምትባል ከተማ የሲሚንግተን ቤተ ሰብ ፋብሪካ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ካወጣቸው ኮርሴቶች አንዱ ስሙ «ቆንጆዋ ገረድ» ነው፤ «ፕሪቲ ሀውስሜድ»። ማስታወቂያው በጥንካሬና በርካሽነት አቻ የለውም ይላል። ውድ በሆነው የዓሣ ነባሪ አጥንት ምትክ ጥቅጥቅ ብሎ የተሰፋ የጥጥ ገመድ አለበት። ከፊት ያለው ብረት ደግሞ እንዳይሰበር መከላከያ ተደርጎለታል። ለምን ይሰበራል? ለባሿ ስለምታጐነብስ ነዋ! ወለል ስለምትወለውል፣ የእሳት ማንደጃውን አመድ ስለምትጠርግ፣ የከሰል ባልዲ ደረጃ ለደረጃ ስለምትሸከም። ቬብለን ሠራተኛ ሴት ለበዓል ካልሆነ አትለብሰውም ብሎ በሚጽፍበት ዘመን አንድ ፋብሪካ የሠራተኛ ሴት ኮርሴት በየትኛው በኩል እንደሚሰበር አጥንቶ መፍትሔውን እየሸጠ ነበር። እኔ በዚህ ክርክር ለፋብሪካው እፈርዳለሁ፤ ገንዘቡን ያፈሰሰበት እሱ ነውና።

ገረዶቹ ሲለብሱት እመቤቶቹ ደስ አላላቸውም። «ገረዴ እኔን ልትመስል ነው» የሚለው ቅሬታ የዚያ ዘመን ጋዜጦችና መጽሔቶች የማይሰለቹት ቀልድ ነበር። ሐኪሞችም ሲጽፉ የእመቤቲቱን የታሰረ ወገብ የፋሽን ስሕተት፣ የገረዲቱን ደግሞ ድፍረት አድርገው የሚያዩበት ጊዜ አለ። ሰውነቱ ያው ነው፤ ሳንባውም ያው ነው። ገረዲቱ ደግሞ ሳትለብስ ብትመጣ ልቅ ናት ተብላ ሥራ አታገኝም።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ ጣቶቹ። ፋብሪካዎቹ ሲከፈቱ የወንዶቹ ሰፊዎች ሙያ ወደ ሴቶች እጅ ገባ፤ ደመወዙም አብሮ ወረደ። በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ካላማዙ ከተማ ውስጥ «አሜሪካን ቢዩቲ» በሚል ስም ኮርሴት የሚሠራ ትልቅ ፋብሪካ ነበር፤ ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በ1912 መጀመሪያ ሥራ አቆሙ። ደመወዙ ያንሳል፤ የሚሰፉበትን ክር ራሳቸው ከፋብሪካው እንዲገዙ ይገደዳሉ፤ ከሁሉ የባሰው ደግሞ አለቆች እጃቸውን አይሰበስቡም። ጆሴፊን ኬሲ የምትባል የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ መጥታ መራቻቸው። በር ላይ እንዳይሰለፉ ፍርድ ቤት ሲከለክላቸው በፋብሪካው ደጃፍ ተንበርክከው ጸለዩ። ኬሲ ታሰረች። እነዚያ ልጆች ቀኑን ሙሉ የሌላ ሴት ወገብ ሲሰፉ የሚውሉ ናቸው። ያን ጠዋት ወገባቸውን ታጥቀው ተነሡ ብዬ በአማርኛ ብናገር ማንም አያርመኝም።

ወደ ማሚ ልመለስ። ስካርሌትን ስታስር ከቀሚሷ ሥር ምን ለብሳ እንደነበር እኔም ልነግራችሁ አልችልም፤ የልብ ወለድ ሰው ናት። ቤተ መዘክሮችም ብዙ አይረዱንም። የሐር ስቴይስ ተጠቅልሎ፣ ከእናት ወደ ልጅ ተላልፎ፣ መስታወት ውስጥ ይገባል። የድኻ ሴት ግን እስኪያልቅ ይለበሳል፤ የቀረው ለታናሽ እኅት ይሰጣል፤ ጨርቅ ከሆነ ተቀዳዶ ለሌላ ሥራ ይውላል። የሲሚንግተን ፋብሪካ ሕንፃ ዛሬም ማርኬት ሃርቦሮ መሐል ቆሟል፤ የከተማው አስተዳደር ቢሮና ቤተ መዘክር ሆኗል። ፋብሪካው ያስቀራቸው ናሙናዎች በሌስተርሸር ቤተ መዘክሮች ስብስብ ውስጥ ሲገቡ «ቆንጆዋ ገረድ»ም አብራቸው ገብታለች። ናሙና ስለሆነች ማንም ገረድ ጐንበስ ብሎ ወለል አልወለወለባትም። የፊቷ ብረት እስከ ዛሬ አልተሰበረም።